ክብደቱን ከየት እንቀንሰው?

(ደብረ ማርቆስ ላይ ለሞተረኞችና ለመካኒክ ወጣቶች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ። መጨረሻ ላይ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱ ተካተዋል።)

እንደምን ዋላችሁ? ከደጀንም፣ ከቡሬም፣ ከባሕር ዳርም የመጣችሁ አላችሁ። እንኳን ደህና መጣችሁ።

ጋራዥ ውስጥ በብዛት የምጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው። «ሞተሬን እንዴት ላፍጥናት?» ጠያቂው ብዙ ጊዜ መልሱንም ይዞ ይመጣል። ፒስተን ልቀይር? ቴስታውን ላስላጭ? ማርሚታውን ላስለውጥ? ሐሳቡ ሁሉ ጉልበት መጨመር ላይ ነው። «ሞተሬ ስንት ኪሎ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። ዛሬ የማወራው ስለዚያ ነው። ስለ ሞተሩ ኪሎና ስለ ነጂው ኪሎ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የማወራው ስለ ውድድር ሞተር ነው፤ በተዘጋ ሜዳ ላይ ስለሚሮጥ። መንገዱ የተማሪውም፣ ገበያ የሚሄደው ገበሬም፣ የአህያውም ነው። መንገድ ላይ እሽቅድምድም የሚገባ ሰው እኔ የምለው ነገር ለእሱ አይደለም። መስታወትና መብራት ስለማውለቅ ስናገርም ይህን ልብ በሉልኝ።

አሁን ወደ አገራችን አየር እንምጣ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። እንጅባራ ደግሞ ከዚህም ትበልጣለች። እንዲህ ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው። ኢንጅን በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር ያንሳል፤ አየር ካነሰ የሚቃጠለው ቤንዚንም ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ኢንጅን እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጁን፣ አንዳንዴም ሩቡን ያጣል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ከሆነ ደግሞ ጂግለሩ (ቤንዚን የሚያሳልፈው ቀጭን ቀዳዳ) ለቆላ እንደተለካ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ያውቀዋል። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ሞተሩ ነፍስ የዘራ ይመስላል። ሽቅብ ሲመለስ ደግሞ እያቃሰተ ነው የሚወጣው።

ስለዚህ እኛ ጎጃሞች ከቆላ ሰው ጋር ስንወዳደር ያለን ሒሳብ የተለየ ነው። ወረቀት ላይ 15 ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚህ ወደ 12 ይወርዳል። ሞተሩ 140 ኪሎ ነው እንበል፣ ነጂው ከነትጥቁ 70። ድምሩ 210። ቆላ ላይ እያንዳንዱ ፈረስ ጉልበት 14 ኪሎ ይጎትት ነበር። እዚህ 17 ከግማሽ ይጎትታል። አሁን ከዚያ ላይ 12 ኪሎ ብናወርድ 16 ከግማሽ ይሆናል። እዚሁ ቁጥር ላይ ክብደት ሳይነኩ በጉልበት ለመድረስ 0.7 ፈረስ ጉልበት ያህል መጨመር ያስፈልጋል። በትንሽ ኢንጅን ላይ ይህን ማግኘት ዕቃ፣ ቶርኖ ቤትና ብዙ ብር ነው። አስተማማኝነቱም ይቀንሳል። ክብደቱ ግን መፍቻና ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው።

እውነቱን ለመናገር ተራራው የወሰደብንን ሁሉ በኪሎ መመለስ አይቻልም። 14 ላይ ለመመለስ ወደ 42 ኪሎ መጣል ይኖርብናል፤ ይህ የማይሆን ነው። ግን 12 ኪሎ ቀላል ነገር አይደለም። ሽቅብ ላይ ያግዛል፣ ከኩርባ ሲወጡ ያግዛል፣ ፍሬን ሲያዝ ፍሬኑ የሚሸከመውን ሙቀት ይቀንሳል፣ ጎማውን ያቆያል። ጉልበት የሚረዳው ጋዝ ስትሰጡ ብቻ ነው። ቀላል መሆን ግን ከመነሻ እስከ መድረሻ ይረዳል።

ይህ ትንሽ ሞተር ላይ ብቻ የሚሠራ ነገር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1983 በ500 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮና ሁለት አሜሪካውያን ተፋጠጡ። ኬኒ ሮበርትስ ባለ አራት ሲሊንደር ያማሃ ላይ ነበር። ፍሬዲ ስፔንሰር ደግሞ ኤንኤስ500 በሚባለው ሆንዳ ላይ፤ ሦስት ሲሊንደር ብቻ። የሆንዳው ጉልበት ያንስ ነበር። ግን ትንሽ ነበር፣ ቀላል ነበር፣ ኩርባ ውስጥ ፈጥኖ ይታጠፍ ነበር። ሁለቱም ስድስት ስድስት ውድድር አሸነፉ። በመጨረሻ ስፔንሰር በ144 ነጥብ፣ ሮበርትስ በ142 ጨረሱ። ስፔንሰር ያኔ 21 ዓመቱ ነበር። በሁለት ነጥብ ልዩነት! እኔ ይህን ታሪክ ጉልበት ጉልበት ለሚለኝ ልጅ ሁሉ እነግራለሁ።

እሺ፣ 12 ኪሎው ከየት ይመጣል?

መጀመሪያ ሚዛን። ያልተመዘነ ነገር ቀነሰ ማለት አይቻልም። ልዩ ሚዛን አያስፈልግም፤ የእህል ነጋዴ የሚጠቀምበት ባለ መድረክ ሚዛን ይበቃል። የፊት ጎማውን ሚዛኑ ላይ አቁሙ። የኋላውን ጎማ ከሚዛኑ እኩል ከፍታ ባለው ጣውላ ላይ አድርጉት። ሞተሩ ቀጥ ብሎ እንዲቆም አንድ ሰው በጣቱ ብቻ ይደግፈው፤ ከተጫነው ቁጥሩ ይዛባል። ጻፉ። ከዚያ አዙራችሁ የኋላውን መዝኑ። ድምሩ የሞተሩ ክብደት ነው። ከዚያም በላይ ግን የፊቱና የኋላው ድርሻ ስንት ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቀጥሎ ነጂው ቁጭ ብሎ እንደገና ይመዘን። ይህ ደብተር ከመፍቻችሁ አይለይ።

የመጀመሪያው ሥራ ማጠብ ነው። ክረምት ላይ መረሬ ውስጥ የገባ ሞተር ፓራፋንጎው ሥር፣ ኢንጅኑ ሥር፣ ማርሚታው ጀርባ ስንት ኪሎ ጭቃ እንደሚሸከም መዝናችሁ እዩት።

ቀጥሎ ለውድድር የማያስፈልገው ሁሉ ይውረድ። የኋላ ዕቃ መጫኛ ብረት፣ ትልቁ መቆሚያ፣ የተሳፋሪ እግር ማሳረፊያ፣ ፍሬቻ፣ መስታወት፣ ክላክስ፣ ታርጋ መያዣ። የወረደውን ሁሉ ማዳበሪያ ውስጥ ክተቱና ከረጢቱን መዝኑት። ብዙ የሥራ ሞተር ላይ ከዚህ ብቻ ጥሩ ኪሎ ይገኛል፤ ከባዱ ነገር መቆሚያውና የኋላው ብረት ነው። የካቴና መከላከያውን ግን አትንኩ። ጣት የሚቆርጥ ቦታ ነው፤ የውድድር ደንብም እንዲኖር ያስገድዳል።

ባትሪ ላይ ጠይቁ፣ ዝም ብላችሁ አታውልቁ። አንዳንድ ሞተር ያለ ባትሪ በእግር ይነሣል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይሠራም። አቅም ላለው ሊቲየም ባትሪ ከእርሳሱ ባትሪ በብዙ ይቀላል።

ቤንዚን ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሦስት ሩብ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 10 ሊትር ሞልቶ ለአጭር ውድድር የሚገባ ሰው ሰባት ኪሎ ተኩል ተሸክሟል፣ ያውም ከላይ። በልምምድ ቀን በዙር ስንት እንደሚበላ ለኩ። የሚበቃውን ቅዱ፣ ለመጠባበቂያ አንድ ሊትር ጨምሩ። አንድ ሳንቲም ሳታወጡ አምስት ኪሎ ወረደ ማለት ነው። ሞቶጂፒ ላይ (የዓለም ትልቁ የሞተር ሳይክል ውድድር ነው) እስከ 22 ሊትር ይዘው ስለሚነሱ፣ 16 ኪሎ ገደማ ነዳጅ ብቻ አለ። እዚያ ያሉ ነጂዎች ሙሉ ታንክ ይዞ ፍሬን መያዝና በመጨረሻ ዙር ፍሬን መያዝ የተለያየ ነገር እንደሆነ አጥብቀው ይለማመዱታል።

አሁን ጠበቅ ብላችሁ ስሙኝ። ሁሉም ኪሎ እኩል አይደለም። ጎማና ቸርኬ ላይ ያለ ኪሎ ወደፊት ይሄዳል፣ በዚያ ላይ ይሽከረከራል። ከጎማው ዳር ላይ ያለ አንድ ኪሎ ፍጥነት ስትጨምሩ ሁለት ኪሎ ሆኖ ነው የሚቆጠረው። ደግሞም ጎማው ከሞላው (ከስፕሪንጉ) በታች ስለሆነ ጉድጓድ በመታ ቁጥር አሞርዛተሩ የሚታገለው ከዚያ ክብደት ጋር ነው። ጎማው ከከበደ ከመሬት ተነሥቶ ለመመለስ ይዘገያል። መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ ፍሬንም የለው፣ መታጠፍም የለው። ለዚህ ነው ብር ካላችሁ መጀመሪያ ጎማ ላይ አውሉት የምለው። ለጭነት የተሠራውን ወፍራም ጎማና ከመነዳሪ በመጠኑ ልክ ለውድድር በተሠራ ቀለል ያለ ቀይሩ። ራጂው ላላ ካለ አጥብቁት።

ወደ ብረቱ እንምጣ፤ ልቤን የሚያስጨንቀው እዚህ ላይ ነው። አንድ ወጣት የፍሬን መያዣ ብረቱን በመሰርሰሪያ በሳስቶ አምጥቶ ነበር። ቀዳዳዎቹ በረድፍ የተሠሩ ናቸው፣ ሲያዩዋቸው ያምራሉ። ቤንዚን ነክሬ አጠብኩት። ነጭ ጋዝ ቀባሁት፣ ትንሽ አቆየሁት፣ በጨርቅ ጠርጌ አደረቅሁት። ከዚያ ጠመኔ ፈጭቼ ነሰነስኩበት። ትንሽ ቆይቶ ነጩ ጠመኔ ላይ ከአንዱ ቀዳዳ ጠርዝ ተነሥቶ እንደ ፀጉር የቀጠነ እርጥብ መስመር ወጣ። ስንጥቅ ነው። ጋዙ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ጠመኔው መልሶ መጠጠው። ያ ልጅ በዚያ ፍሬን ቁልቁለት ሊወርድ ነበር። ያተረፈው ክብደት ደግሞ ከአንድ የሻይ ስኒ አይበልጥም።

ቀዳዳ ያለበት ብረት ጫናው ሁሉ የሚሰበሰበው ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ነው። ጠርዙ ሻካራ ከሆነ ስንጥቁ ከዚያ ይጀምራል። ስለዚህ ፍሬን፣ የጎማ ሻፍት፣ መሪ፣ የፊት ሹካ፣ እነዚህ አይበሱም፣ አይሞረዱም፣ በአሉሚኒየም አይተኩም። አሉሚኒየም ከብረት አንድ ሦስተኛ ነው የሚመዝነው፣ እውነት ነው። ግን ጥንካሬው ያው አይደለም። የፍሬን ቡሎን ራሱ ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ቁጥር ካለው የሚተካውም ከዚያ የማያንስ ይሁን። ቲታኒየም ከብረት በብዙ ይቀላል፣ ጠንካራም ነው። ግን ገበያ ላይ ቲታኒየም ነው ተብሎ የሚሸጠውን ሁሉ አትመኑ። አሉሚኒየም የሚያምረው የታርጋ መያዣ፣ የሽፋን ቡሎን፣ የእግር መርገጫ ሽፋን ላይ ነው፤ ቢሰበር ሰው የማይሞትበት ቦታ።

ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ1984 ሆንዳ ለስፔንሰር ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ቸርኬ ሰጠው፤ ያኔ አዲስ ነገር ነበር። ደቡብ አፍሪካ፣ ካያላሚ ላይ ልምምድ ሲያደርግ የኋላው ቸርኬ ተሰባበረ። ስፔንሰር ወደቀ፣ ተጎዳ፣ ውድድሩም አለፈው። የዓለም ሻምፒዮን፣ የዓለም ትልቁ የሞተር ፋብሪካ፣ ስንት መሐንዲስ እያለ ነው ይህ የሆነው።

በዚያው ዓመት ሌላም የምንማርበት ነገር ተፈጥሯል። ኤንኤስአር500 የተባለው አዲሱ ሆንዳ የነዳጅ ታንኩ ከኢንጅኑ ሥር ተደረገ፣ የጭስ ቱቦዎቹ ደግሞ ከላይ። ሐሳቡ ክብደቱን ወደ መሬት ማውረድ ነበር። ሲያዩት ትክክል ይመስላል፤ ዝቅ ያለ ነገር አይገለበጥም እንላለን። ሞተር ሳይክል ላይ ግን እንደዚያ አልሆነም። ሞተር ለመታጠፍ መጋደም አለበት፤ ፍሬን ሲያዝም ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ መሄድ አለበት። ታንኩ እየጎደለ ሲሄድ ደግሞ ጠባዩ ይለዋወጥ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ታንኩ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ እ.ኤ.አ. በ1985ም ስፔንሰር የ250 እና የ500 ሲሲ ሻምፒዮናውን በአንድ ዓመት ወሰደ። ከዚህ የምንወስደው ክብደት ወደ ላይም ወደ ታችም ጽንፍ ሳይሄድ ወደ መሃል፣ ወደ ኢንጅኑ መሰብሰብ እንዳለበት ነው። ከጭራ ላይ የወረደ አንድ ኪሎ ከኢንጅኑ አጠገብ ከወረደው ይበልጥ ይሰማችኋል።

አሁን ወደ ነጂው።

ከላይ ባለው ሒሳብ ነጂው ከድምሩ አንድ ሦስተኛ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ «ብረት ከምፈታ እኔ ልቅጠን» ይላል። ለመቅጠን የሚያስችል ትርፍ ስብ ካለው ጥሩ ነው፣ እሰየው። ግን የነጂ ክብደት የሞተ ክብደት አይደለም። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችን ያየ ያውቃል። ፈረሱ ሲፈተለክ ፈረሰኛው ጆንያ ሆኖ አይቀመጥም፤ ከፈረሱ ጋር ይነሣል፣ ይጎነበሳል፣ ያዘነብላል። ሞተረኛም እንዲሁ ነው። ክብደቱን ወደ ውስጥ ጥሎ ሞተሩን ያጥፋል፣ በጉልበቱ ታንኩን ቆልፎ ፍሬን ይቋቋማል። ይህን የሚያደርገው ጡንቻ ነው። ተርቦ ጡንቻውን ያጣ ነጂ ቀለለ እንጂ አልፈጠነም።

ፌስታል ለብሶ መሮጥ የሚባለውን ነገር ተዉት። እባካችሁ ተዉት። በላብ የወረደው ኪሎ ውኃ ነው፤ ስትጠጡ ይመለሳል። ካልጠጣችሁ ደግሞ ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ውኃ ሲጎድል የሰው ብቃት መቀነስ ይጀምራል። 65 ኪሎ ለሆነ ሰው ይህ 1.3 ኪሎ ብቻ ነው። እጅ ይዝላል፣ ሐሳብ ይበተናል፣ ፍሬን የሚያዝበት ቦታ ያልፋል። አንድ ኪሎ ለማትረፍ ተብሎ ሰው ይሰበራል።

በትክክል የሚቀንስ ሰው በሳምንት ግማሽ ኪሎ ይበቃዋል። ከውድድሩ ብዙ ወር ቀድሞ ይጀምር። መጀመሪያ የሚቀነሰው መጠጥ ነው። አንድ ጠርሙስ ቢራ ብቻ 140 ካሎሪ ገደማ አለው፤ አረቄው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሽሮና ምስር አትፍሩ፣ ጡንቻ የሚሠራው እሱ ነው። ዘይቱን ቀንሱ። እንጀራውን አትተዉ፣ መጠኑን ዕወቁ።

ስለ ጾም ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ጾም ለነፍስ ነው፤ ለውድድር መቅጠኛ ብሎ መጾም ለኔ ደስ አይለኝም። ውድድሩ ከቀኑ 8 ሰዓት ከሆነና ነጂው ከሌሊት ጀምሮ ውኃ በአፉ ካልዞረ ያ ቀን ለእሱ የውድድር ቀን አይደለም። የንስሐ አባቱን አስቀድሞ ያማክር፣ ካልሆነም ውድድሩን ይተወው። ሌላ ቀን አለ።

ሄልሜት፣ ጓንት፣ ጫማ፣ የጀርባ መከላከያ፣ የቆዳ ልብስ። ከእነዚህ ላይ አንድ ግራም አይቀነስም። ሙሉ ትጥቅ በርከት ያለ ኪሎ ነው፣ አውቃለሁ። ሞቶጂፒ ላይ ግን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የአየር ከረጢት ያለው ልብስ ግዴታ ሆኗል። በዓለም ላይ ስለ ግራም አጥብቀው የሚጨነቁት ሰዎች እዚህ ላይ ክብደት ጨመሩ።

እዚህ ላይ ላቁምና ወደ ጥያቄ እንሂድ።

*

አንድ ወጣት፦ «ጋሼ፣ እኔ ረጅም ነኝ፣ 82 ኪሎ ነኝ። ከቀጭኖቹ ጋር ተስፋ አለኝ?»

አለህ። ቀጥታው ላይ ትቀደማለህ፣ አልዋሽህም። ሉሪስ ባዝ የሚባል ፈረንሳዊ ቁመቱ ከ1.90 ሜትር በላይ ሆኖ ሞቶጂፒ ላይ ተወዳድሯል። ዳኒ ፔድሮሳ ደግሞ ቁመቱ ከ1.60 ሜትር አይበልጥም፣ ክብደቱም 50 ኪሎ ገደማ። ፔድሮሳ ሲነሣ ይፈተለክ ነበር፤ ግን ያን ትልቅ ሞተር በጉልበት ማዘዝና ጎማውን ማሞቅ ይከብደው ነበር። አንተ ጎማህ ቶሎ ይሞቃል፣ በሰውነትህ ሞተሩን ማዘዝ ትችላለህ። የሞላህን ጥንካሬ ለ82 ኪሎ አስተካክል፤ ብዙ ትንሽ ሞተር ለቀላል ሰው ነው የተለካው። ደግሞ ቀጥታው ላይ ተጎንበስ። ለረጅም ሰው ከኪሎው ይልቅ ነፋሱ ነው ጠላቱ።

አንዲት ልጅ፦ «እኔ 48 ኪሎ ነኝ። ደንቡ ነጂና ሞተር አንድ ላይ ይመዘናሉ ከተባለ ክብደት ጨምሪ ይሉኛል ማለት ነው?»

አዎ፣ እንደ ደንቡ ነው እህቴ። ሞቶ3 ላይ (የትንንሽ ሞተሮች የዓለም ሻምፒዮና ነው) ነጂና ሞተር አንድ ላይ ከ152 ኪሎ ማነስ የለባቸውም። ይህ የመጣው ረጃጅም ልጆች እንዳይጎዱና ማንም ራሱን እንዳያስርብ ነው፤ እኔ በጣም የምደግፈው ደንብ ነው። ሞቶጂፒ ግን የሚመዝነው ሞተሩን ብቻ ነው፤ 157 ኪሎ። እ.ኤ.አ. በ2027 ወደ 153 ይወርዳል፣ ኢንጅኑም ከ1000 ወደ 850 ሲሲ። እዚህ የሚዘጋጅ ውድድር ላይ ደግሞ ስትመዘገቢ ጠይቂ።

ጨምሪ ካሉሽ ግን ተጠቃሚዋ አንቺ ነሽ። ሌላው ክብደቱን የተሸከመበትን ቦታ አይመርጥም፤ አንቺ ትመርጫለሽ። የእርሳስ ጠፍጣፋ አዘጋጂ። ከኢንጅኑ አጠገብ፣ ከሻሲው ጋር፣ በሁለት ቡሎን እሠሪው። ዳዶው እንዳይፈታ በሽቦ ቆልፊው። ቦርሳ ውስጥ፣ መቀመጫ ሥር በላስቲክ አትሠሪ፤ ስትወድቂ ጥይት ይሆናል። ከዚያ የፊቱንና የኋላውን እንደገና መዝኚ፣ ድርሻው ካልተዛባ ጨርሰሻል።

ሚዛኑ ውጭ በሩ ጋ ተዘጋጅቷል። ሞተር ይዛችሁ የመጣችሁ ታንካችሁን ከፍታችሁ የነዳጁን መጠን ጻፉ፣ ከዚያ በየተራ እንመዝናለን። የፊቱን ጎማ እናስቀድማለን።